ቡችላ ልገዛ ነው፤ አርቢው ቤት ስሄድ ምን ልይ?

የናቲ እናት፦

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። አያት አካባቢ ነው የምንኖረው። ግቢያችን ሰፋ ያለ ነው፣ በጀርባ በኩል ግን አጥሩ ገና ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ የጎረቤታችን የውሃ ፓምፕ ከተሰረቀ ወዲህ ባለቤቴ «ጀርመን ሼፐርድ ካልገባ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ ውሻ አሳድጌ አላውቅም። እናቴ ቤት ቦቢ የሚባል ነበረ፤ እሱን ማንም አላሳደገውም፣ ራሱ መጥቶ ራሱ አደገ። ናቲ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ታናሿ ደግሞ አራት።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ አግኝተናል። ፎቶው ላይ ቡችሎቹ ያሳሳሉ፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ሪባን ታስሮላቸዋል። 45 ቀናቸው ነው፤ «ንጹህ ዘር፣ ክትባት የጨረሱ» ይላል። ቤታችሁ መጥቼ ልያቸው ስለው «ምን አደከማችሁ፣ መገናኛ ድረስ ይዤላችሁ እመጣለሁ» አለኝ። ስጨቀጭቀው እሺ ብሎ ለቅዳሜ ቀጠረኝ። ዋጋው የወር ደመወዜን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። አሁን ደግሞ ቀብድ ዛሬውኑ ላኪ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው እያለ ነው።

ቅዳሜ እዚያ ስደርስ ምንድን ነው የማየው? ምን ብዬስ ልጠይቅ? ልጆቹ ይዘሽን ካልሄድሽ ብለው ቤቱን አናውጠውታል፤ ልውሰዳቸው?

ጭልፊት፦

እህቴ ገንዘብሽን ለምን ታቃጥያለሽ? ሰፈርሽ ውስጥ አንዷ ወልዳ ይሆናል፣ ዞር ዞር በይ። የሐበሻ ውሻ ብርዱንም ረሃቡንም ይችላል፣ ሌባም አያፍርም። የፈረንጁ ውሻ ሥጋ ካላገኘ ያኮርፋል፣ ከዚያ አንቺ ሽሮ በልተሽ እሱን ጥብስ ልታበይው ነው።

ሽበቱ ሐኪም፦

የናቲ እናት፣ ከሁሉ በፊት ቀብዱን አትላኪ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» የምትለዋን በዚህ ሥራ ላይ ሳልሰማት የማልፍበት ሳምንት የለም። የሚወስደው ካለ ይውሰደው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ደብረ ዘይት ተምሬ ብዙ ዘመን ላም ሳክም ኖሬ፣ አሁን ሥራዬ በአብዛኛው የከተማው ውሻ ሆኗል፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የማክመው። ቡችላ የገዛ ሰው የሚደውልልኝ በገዛ በአራት በአምስት ቀኑ ነው። ስልኩን ሳነሳ የምሰማውን አውቀዋለሁ፦ ምግብ እምቢ አለ፣ ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ያስቀምጠዋል። ብዙውን ጊዜ ፓርቮ የሚባለው የአንጀት ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከያዘው ጀምሮ ሕመሙ እስኪገለጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ስለሚፈጅ፣ መገናኛ ላይ ጅራቱን እየቆላ የተቀበልሽው ቡችላ ያኔም ይዞት ሊሆን ይችላል። ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ግቢያቸው ገብተሽ ስታይ ግን ብዙ ነገር ራሱ ይናገራል።

ቡችላማ ሁሉም ያምራል። ስለዚህ እነሱ ጋ ከመንበርከክሽ በፊት «እናቲቱን አሳዩኝ» በይ። ለዘመድ ሰጠናት፣ ሐኪም ቤት አድራለች፣ ታማለች፣ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ሻይ ቢያቀርቡልሽም አትጠጪ፣ ውጪ። ምናልባት ቡችሎቹ ከሌላ ቦታ ተለቅመው የመጡ ናቸው፤ ካንድ ቤት በሽታ ከሌላ ቤት ሌላ በሽታ ይዘው። አንዳንዱ ደግሞ ሌላ ሴት ውሻ አምጥቶ «ይቺ ናት» ይላል። ጡቷን እዪ። ያጠባች ውሻ ወተቷ እየደረቀ እንኳ ጡቷ ተንጠልጥሎ ያስታውቃል፣ ልጆቿም እንዳዩዋት ከሆዷ ሥር ይገባሉ። ከስታ፣ ፀጉሯም ረግፎ ብታገኛት አትደንግጪ፤ ስድስት ሰባት ቡችላ ያጠባች እናት እንደዚያ ትሆናለች። እንግዳ አይታ መጮኋም ያባት ነው። ዋናው ነገር ባለቤቷ «ተይ» ሲላት ትረጋጋለች ወይ የሚለው ነው። ባለቤቷ ሲጠጋት መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ ጅራቷን እግሯ መሃል የምትከት ከሆነች፣ ያ ፍርሃት ወደ ልጆቿም ይሄዳል። የአራት ዓመት ልጅ ላለበት ቤት ፈሪ ውሻ ከቁጡ ውሻ አይሻልም፤ እኔን እስከዛሬ የነከሱኝ አብዛኞቹ የፈሩት ናቸው።

ቀጥለሽ አባትየውን ጠይቂ። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች፣ ውሻ ላይ ስንደርስ የአባቱን ስም እንኳ አንጠይቅም። እዚህ ከተማ ወንድምና እህት፣ እናትና ልጅ የሚያዳቅሉ አርቢዎች አጋጥመውኛል፤ «ዘሩ እንዳይበላሽ ብለን ነው» ይሉሻል። የሚበላሸው በዚያው ነው። እናቲቱ ስንት ዓመቷ ነው፣ ስንተኛ ወሊዷ ነው፣ ያለፈውስ መቼ ነበር? ሴት ውሻ በየስድስት ወሩ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፣ እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው። በዙሩ ሁሉ የሚያስወልዷት ከሆነ ያ ቤት ውሻ ወዳድ ቤት አይደለም።

45 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ተኩል ነው። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ከ8 ሳምንት በኋላ፣ ማለትም 56 ቀን ካለፈው ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት አጥብቆ ከነከሰ ሌላው ይጮህበታል፣ እናቱም ትቆጣዋለች፤ የጥርሱን ልክ የሚማረው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ያለጊዜው የወሰድሽው እንደሆነ ያንን ትምህርት የሚማረው በትንሿ ልጅሽ እጅ ላይ ነው።

«ክትባት የጨረሱ» የሚለው ደግሞ ሐሰት ነው። በ45 ቀን ክትባት የጨረሰ ቡችላ በዓለም ላይ የለም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይጀመራል፣ ከዚያ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት ሳይሞላው አይቆምም። የሚደጋገመው ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው፤ ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በእኛ አሠራር 3 ወር ሲሞላው ነው፤ የ45 ቀን ቡችላ ካርድ ላይ ማህተሙን ካየሽ ማን ወጋው፣ የት ወጋው ብለሽ ጠይቂ። ካርዱ ላይ ከብልቃጡ የተላጠ ትንሽ ወረቀት፣ ቁጥርና ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ያለበት፣ ተለጥፎ መሆን አለበት። በእስክሪብቶ «ተከትቧል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ እኔ እንዳልተከተበ ነው የምቆጥረው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ውሃ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ አርቢው ራሱ ከፍሪጁ አውጥቶ እንደወጋው በኩራት ሲነግርሽ ይህንን አስቢ።

ግቢውን በአፍንጫሽ ፈትሺ። ውሻ ያለበት ግቢ ሽቶ አይሸትም፣ ግን ዓይን የሚያቃጥል የሽንት ሽታ ካለ ቡችሎቹ እዚያው ላይ ነው የሚተኙት ማለት ነው። የውሃ ሳህኑን እዪ፣ ዓይነ ምድራቸውንም እዪ፣ አትጠየፊ። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ቡችላ «ደንበኛ በልቶ ነው» ይሉሻል፤ ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው። ወስፋት ከእናቱ ማህፀንና ከወተቷ ስለሚተላለፍ፣ መድኃኒቱ ከተወለዱ በ2ኛው ሳምንት ተጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መሰጠት ነበረበት። አፈር በእጇ ለምትነካ ልጅም ይተርፋል፣ ስለዚህ ይህን ሳትጠይቂ አትውጪ።

ቡችላው ራሱ ላይ ብዙ አልልም። ድዱ ሮዝ ይሁን፣ ዓይኑ አይዝረብረብ፣ መቀመጫው ንጹህ ይሁን፣ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦቹ መውረዳቸውን አርቢው በእጁ ያሳይሽ። ጆሮው ስለመቆሙ አትጨነቂ፤ በዚህ ዕድሜ የብዙዎቹ ጆሮ እንደተኛ ነው፣ አንዳንዱ እስከ አራት አምስት ወር ይቆያል። የቁልፍ ዘለላሽን ትንሽ ራቅ አድርገሽ መሬት ላይ ጣይ። ደንግጦ፣ ቆይቶ ሊያሸትት የሚመጣውን ውደጂው። ጥግ ገብቶ የማይወጣውን ግን አዝነሽለት እንዳትወስጂው፤ እዝነት ብዙ ሰው አስከፍሏል።

ልጆቹን አትውሰጂ። ናቲ አንዴ ካቀፈው በኋላ አንቺ ምንም ብታዪ አታዪም።

አርቢ ነኝ፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልን፣ ግን የገዢውንም ኃጢአት ተናገሩ እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት አራት ቤት ዞረው በዚያው ጫማ እኔ ቤት የሚገቡ አሉ። አንዱ የታመመ ግቢ ረግጠው መጥተው የእኔን ቡችሎች ያቅፋሉ። አትንኩ ስል «ምን ደብቆ ነው» ይሉኛል። ከዚያ እንደ በዓል ዶሮ ይከራከሩኛል፣ እየመዘኑ ሁሉ።

ሽበቱ ሐኪም፦

ልክ ነህ። ፓርቮ አፈር ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፣ በጫማ ይሄዳል። በሳሙና አይሞትም፤ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ ይገድለዋል። የናቲ እናት፣ በር ላይ በረኪና የነካ ጆንያ አንጥፎ «ርገጪ» የሚልሽ አርቢ ካገኘሽ አትቀየሚው፤ ነጥብ ስጪው። በአንድ ቀን ሁለት ቤት አትሂጂ።

የሜሪላንዷ፦

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ የእኛ ላብራዶር ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ የቤት እንስሳት ሱቅ ቡችላ እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሏል፤ ሱቆቹ የሚያመጡት ሴት ውሻ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ስትወልድ ከምትኖርባቸው ቦታዎች ነው ተብሎ። ክልከላው ሱቁን እንጂ ኢንተርኔቱን አልዘጋውምና፣ «መኪና ማቆሚያ ላይ እንገናኝ» የሚል ሻጭ እዚህም ሞልቷል። መገናኛ ያልሽው እሱ ነው ማለት ነው።

እኔ የገዛሁባት ሴትዮ መጀመሪያ ቅጽ ላከችልኝ። ቀን ቀን ቤት ማን አለ፣ ግቢ አለሽ ወይ፣ ስትጓዢ ለማን ትሰጪዋለሽ። እናቴ አጠገቤ ሆና «ለውሻ ነው ለሥራ ነው የምታመለክቺው?» አለችኝ። ስሄድ የእናትና የአባቱን የዳሌ ራጅ ውጤት አሳየችኝ፤ ኦኤፍኤ የሚባለው ተቋም ውሻው ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ራጁን አይቶ ደረጃ ይሰጣል፣ በውሻው የተመዘገበ ስም ድረ ገጹ ላይ ፈልጌ ራሴ አመሳከርኩት። ውላችን ላይ «ማሳደግ ካቃተሽ ለእኔ ትመልሺዋለሽ፣ ለሌላ አትሰጪም» የሚል አለ። አገር ቤት ይህ ሁሉ ባይኖርም፣ አርቢው አንቺን ምንም ካልጠየቀሽ ያስጠረጥራል።

የናቲ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሄድኩ፣ ልጆቹን ትቼ። ቀብዱን ሳልልክ ቀርቼ «ተሽጧል» ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልተሸጠም።

ዶክተር፣ እንዳሉት ነው የሆነው። እናቲቱ የለችም። «ወንድሜ ሱሉልታ ወሰዳት፣ ግቢው ጠበባት» አለኝ። ቡችሎቹ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ነበሩ። አንዱን ለብቻው ካርቶን ውስጥ አስተኝተውታል፣ «እንቅልፍ ይወዳል» አለኝ። ቁልፌን ለመጣል እንኳ ልብ አላገኘሁም። ካርድ ስለው በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ የእብድ ውሻውም ማህተም ነበረበት! ባለቤቴ ግን መኪና ውስጥ «አንዱን እናድነው» እያለ ነበር፣ እኔ ነኝ የጎተትኩት።

ሌላ ሳምንት ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ለገጣፎ ጡረታ የወጡ አባት ጠቆመችኝ። ሁለት ውሻ ብቻ ነው ያላቸው፣ ሴቷ አራት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ወሊዷ ነው። መጀመሪያ ጮኸችብኝ፤ ጋሼ በአንድ ቃል ዝም አሰኟት፣ ከዚያ መጥታ እጄን አሸተተችና እግራቸው ሥር ተኛች። ቡችሎቹ ሰባት ሳምንታቸው ነው። ከመንካቴ በፊት እጄን አስታጠቡኝ። ከዚያ እሳቸው እኔን ይጠይቁ ጀመር፦ ቀን ሙሉ በሰንሰለት ልታስሩት ነው? ማን ያበላዋል? ባልሽ ውሻ ይመታል? ካርዱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ የወስፋቱም ቀን ተጽፏል። ዛሬ ልውሰድ ብላቸው ሳቁብኝ፤ «ስምንት ሳምንት ሞልቶት ነይ» አሉኝ። ገንዘብም አልተቀበሉም።

የቀረኝ ጥያቄ የዳሌው ነው። የሜሪላንዷ ያለችውን ራጅ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔም የራሴን ዳሌ ተነስቼ አላውቅ» አሉኝ። ይህ ችግር ነው ወይስ ልለፈው?

ሽበቱ ሐኪም፦

ሽማግሌውን ወደድኳቸው።

ዳሌው የዚህ ዘር የታወቀ ችግሩ ነው፣ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የእግሩ አጥንት ራስ ጎድጓዳው ውስጥ በደንብ ሳይቀመጥ ያድጋል፣ መገጣጠሚያው ይፋቃል፣ ውሻው ገና ወጣት ሳለ ከተኛበት ለመነሳት ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ1899 ማኅበር አቋቁመው ዘሩን ያወጡት ጀርመኖች ዛሬ ዳሌው በራጅ ሳይታይ ለዘር አያበቁትም። እዚህ ያንን የሚያሳይሽ አርቢ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ በሌላ መንገድ ሂጂ። ከመጀመሪያው ወሊድ የገዙ ሰዎች ስልክ ጠይቂያቸው፤ አንዱ እንኳ ቢገኝ ሄደሽ ያደገውን ውሻ እዪው። ከተኛበት ሲነሳ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ሲሮጥ እንደ ጥንቸል ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ ይወረውራል ወይስ ተራ በተራ ይረግጣል? እናትና አባቱንም እንደዚሁ አስሮጪያቸው። እርግጠኛ አያደርግሽም፣ ግን ምንም ካለማየት በብዙ ይሻላል።

የቀረው ያንቺ ድርሻ ነው። ሳሎንሽ ሴራሚክ ከሆነ ቡችላው እየተንሸራተተ እንዳይሮጥበት ምንጣፍ ጣይበት። ቶሎ ይደግልን ብላችሁ አታወፍሩት፤ የከበደ ቡችላ ዳሌውን ይጎዳል፣ ወገቡ ከላይ ሲታይ ገባ ያለ ይሁን። ሌባ ያባርራል ብላችሁ ደግሞ አሁኑኑ አትጠብቁት፤ ልብ እስኪገዛ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ቆርቆሮውን ባለቤትሽ እስከዚያ ይስቀይረው። በበዓል የታረደ በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻው እንዳትጥሉለት፣ በደንብ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ውሻው ከዚያ የሚይዘው ትል እንቁላሉ ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል፣ ሰው ላይ ሲያድግ ደግሞ ቢላ ነው የሚፈልገው።

ጭልፊትም ስለ ሐበሻ ውሻ ያለው እውነት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ብልህ ነው፣ ሽማግሌው እምቢ ቢሉሽ እኔም ያንን ነበር የምመክርሽ። ግን ነፃ ነው ማለት ክትባት አይፈልግም ማለት አይደለም።

ጭልፊት፦

ዶክተር አመሰግናለሁ፣ ግን የእኔ አንበሳው ዓመታት ሙሉ መርፌ አይቶ አያውቅም፣ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው።

ሽበቱ ሐኪም፦

የእብድ ውሻ በሽታ ጤነኛውንም አይመርጥም። ስንት ሰው ተነክሶ ፓስተር እንደሚመላለስ ሄደህ እይ። ከሳሪስ ብዙ ካልራቅህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሐሙስ በዚያ በኩል ነኝ። አንበሳውን ጠዋት ሳይፈታ እሰረው፣ አፉን የምናስርበት ነጠላም አዘጋጅ፤ የአንተን ሳይሆን ያረጀ።